ሳፋና ሳሙና ያስቀደሙ የአነደድ ሰዎች

ጎሐ ጽዮን ላይ ቁርስ በልተን ወደ አባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ሾፌራችን ሬዲዮውን ዘጋ። ቁልቁለት ላይ ወሬም ሙዚቃም አይወድም። አልፈርድበትም። ከፊታችን የሲሚንቶ መኪኖች ፍሬናቸው እየሸተተ ያዘግማሉ፤ በዳር ዝንጀሮዎቹ ሙዝ የሚወረውር መንገደኛ ይጠብቃሉ። ጃፓኖች የሠሩትን ድልድይ ተሻግረን፣ ዳገቱን ጨርሰን ደጀን ስንገባ ነፋሱ ተለወጠ። ዓመቱ 2011 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት ነበር፤ መንገዱም ሰላም። ሜዳው በኑግ አበባ ቢጫ ሆኗል፣ ጤፉ ገና አልነጣም።

ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያልፍ ሰው አምበርን ብዙም ልብ አይላትም። የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። እኔ የወረድኩት እዚያ ነው። የዝሆኔ ሕሙማንን የሚረዳ አንድ ማኅበር አለ ብለውኝ፣ የሚመሩትን ሰዎች ለማየት።

ስለ በሽታው ትንሽ ልበል። ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት ሁሉ አንድ አይደለም። በትንኝ የሚተላለፍ ትል የሚያመጣው አለ፤ እሱ የቆላ ነው። የጎጃም ደጋው ግን ትል የለበትም። ጠንቁ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣው ቀይ አፈር ነው። ሰው ዓመታት በባዶ እግሩ ሲረግጠው ደቃቁ ብናኝ በቆዳ ይገባና ከእግር ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይጎዳል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ አገራችን ላይ አጥንቶ ነው ነገሩን ከአፈሩ ጋር ያገናኘው። አፈሩን የረገጠ ሁሉ አይታመምም፤ በዘር የሚወረድ ተጋላጭነት አለ። ከሰው ወደ ሰው ግን ፈጽሞ አይተላለፍም። በአገራችን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች እንዳለባቸው ይገመታል።

እኔ ይህን ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ግን በለቅሶ ቤት፣ በገበያ፣ በሰንበቴ ላይ ቆመው ሲያስረዱ ኖረዋል። ገበሬ ናቸው። ቀኝ እግራቸው የጀመራቸው ገና በልጅነት፣ ቄስ ትምህርት ቤት እያሉ ነው።

«እባብ የሞተበት ረግጦ ነው አሉ። ጠበል ገባሁ። ቀጥሎ ደግሞ የዘር ነው አሉና እህቴን የሚያጭ ጠፋ። የኔ እግር ለሷ ምኗ ነው? ግን ማን ይስማህ!»

ሲናገሩ ድምፃቸው አይጨምርም አይቀንስም። ብዙ ጊዜ የተናገሩት እንደሆነ ያስታውቃል።

ገንዘብ ያዧ ጠላ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ሁሉም እትዬ ይሏታል። እግሯ ጤነኛ ነው። የባሏን እግር ስታጥብ ነው ሥራውን የተማረችው። ሦስተኛዋ ሲስተር ናት፤ ከጤና ጣቢያ ወጥታ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ የሆነች። ላፕቶፑም ሪፖርቱም እሷ ዘንድ ነው። ለጋሾቹ ስብሰባ ሲጠሩ የምትሄደው እሷ ናት፤ ሰው የሚከተለው ግን ሁለቱን ነው። ይህን ራሷ ናት የነገረችኝ፣ እየሳቀች።

ለምን እንደሆነ በማግስቱ ጠዋት ገባኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ባሕር ዛፍ ሥር ሕሙማን ተሰብስበዋል። መጀመሪያ ማንም አይናገርም። ሊቀመንበሩ ዱላቸውን ያዙ፣ ዱካ ላይ ተቀመጡ፣ ሱሪያቸውን ጠቀለሉ። ካልሲያቸውን አውልቀው እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ከተቱ። እሱን ያየ ሰው ነው ቀስ በቀስ ጋቢውን ገለጥ ማድረግ የጀመረው። አንዲት እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ነበር፤ የሰው ሽታ ጠልተው አይደለም፣ የራሳቸው እንዳይታወቅባቸው ነው።

እትዬ ፊታቸው ተንበረከከች። «እማማ፣ እስቲ ይስጡኝ» አለችና እግራቸውን ተቀበለች። አስተጣጠቡ ጥድፊያ የለውም። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃና ሳሙና። የመጀመሪያው ውሃ ቡና መሰለ፤ ተደፋ። ቀጥሎ ትንሽ በረኪና ጠብ የተደረገበት ውሃ፣ እግሩ እዚያ ውስጥ ይቆያል። ከዚያ ማድረቅ። ያበጡት ጣቶች ተጣብቀው መሃላቸው አይታይም። እትዬ ቀጭን ጨርቅ በሁለት እጇ ይዛ በየጣቱ መሃል እያስገባች ታወጣለች። «እዚህ ጋ እርጥብ ከቀረ የምናጥበው ለከንቱ ነው» አለችኝ። የሚሸተውም የሚቆስለውም እዚያ ነው። ከደረቀ በኋላ ቫዝሊን፣ በመጨረሻም ፋሻ። ማታ ሲተኙ እግር ከፍ ይላል። ይኸው ነው። በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ።

ይህ ነገር ይሠራል ወይ? እዚሁ አነደድ ውስጥ በ696 ሕሙማን ላይ ተሞክሯል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ የተባለ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። በሽታው «ሲነሳ» ትኩሳቱ፣ ብርድ ብርዱ፣ የእግሩ መቅላትና ሕመም ሰውን አልጋ ላይ ይጥላል። ሕክምናው ወዲያው ካልተጀመረላቸው ሰዎች ላይ በዓመት በአማካይ ወደ 24 ጊዜ ተነስቷል፤ የእግር አጠባበቁን ከጀመሩት ላይ ወደ 19 ጊዜ። እኔ ቁጥሩን ሳየው አነሰብኝ። ሊቀመንበሩን ጠየቅኋቸው።

«አምስቱ ቀረ ማለት?» አሉ። «አጨዳ ላይ አንዱን ጊዜ ብትተኛ ጤፍህ ረግፎ ያልቃል። አንተ አምስት ትለኛለህ!»

የጤና አገልግሎት ተደራሽነት የሚባለው ቃል ስብሰባ ላይ ብዙ ይነሳል። እዚህ መለኪያው ሌላ ነው። በሽታው የተነሳበት ሰው ጤና ጣቢያው የፈለገውን ያህል ቅርብ ቢሆን አይደርስም፤ መራመድ አይችልማ። ስለዚህ ማኅበሩ ሥራውን ወደ ቀበሌ አወረደው። ቀድሞ የታከመ አዲሱን ያሳያል። መድኃኒት የጨረሰውን በስልክ ያውቁታል፤ ስልክ የሌለውን በገበያ ቀን። ጤና ጣቢያው ላይ ያሉት ባለሙያዎች ለጠና ቁስል ይቀራሉ። ነገሩን ያወጡት ሕሙማኑ ናቸው፤ ሲስተር የጻፈችው ከሠሩት በኋላ ነው።

ክርክሩ ጫማ ላይ ነው። ማኅበሩ የራሱ ጫማ ሰፊ አለው። እግሩን ካርቶን ላይ አስቁሞ በእስክርቢቶ ዙሪያውን ይስላል። ግራና ቀኙ አይመሳሰልም፤ አንዱ 39 ቢሆን ሌላውን የሚገልጽ ቁጥር የለም። ለስላሳ ቆዳ፣ ሰፊ አፍ፣ ጠንካራ ሶል። ገበያ ላይ ያለው ኮንጎ ያበጠ እግር አያስገባም። ጫማው ግድ ነው፤ በተለይ ለልጆች፣ ገና ላልጀመራቸው። ለጋሹ ድርጅት ግን የሚወደው ጫማ ነው። ይቆጠራል፣ ፎቶ ይነሳል። ሳሙና ፎቶ አያምርበትም። የሚመጣው በጀት ጫማው ላይ ወፍሮ ሳሙናና ፋሻው ላይ ይሳሳል። የማኅበሩ ሰዎች ሳሙናው ይቅደም ይላሉ። እኔ እንግዳ ነኝ፣ ይሁንና እነሱ ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ያልታጠበ እግር አዲስ ጫማ ውስጥ ቢገባ ቁስሉን መሸፈን ነው።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ቤት ስብሰባ ተቀመጡ። ጠላው ቀርቧል፣ ሽምብራ ቆሎም አለ። ሲስተር ቀጣዩን ዕቅድ አነበበች። ጫማ፣ ጫማ፣ ስልጠና፣ ጫማ። ሊቀመንበሩ አቋረጧት።

«ልጄ፣ ሳሙናው የት አለ?»

«አያ፣ ለእሱ ርዕስ የለውም፤ ፎርማቸው ላይ የለም።»

«እንግዲያ ጫማው ውስጥ አስገቢው።»

ተሳቀ። ሲስተር ግን አልሳቀችም፤ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። አንድ ጫማ ሲሰጥ ከሳሙና፣ ከቫዝሊን፣ ከፋሻና ከካልሲ ጋር እንደ አንድ ዕቃ ይቆጠር ብትል ለጋሹ ላይቃወም ይችላል። እትዬ ዋጋውን በጣቷ ቆጠረች። የጫማው ቁጥር በሩብ ገደማ ይቀንሳል አለች። ማን ይቅር የሚለው ሌላ ጭቅጭቅ አስነሳ፤ አዋቂዎቹ ይጠብቁ፣ ተማሪዎች ይቅደሙ የሚለው አሸነፈ። አንድ ሽማግሌ ቅር አላቸው። ተራቸው ደርሶ ነበር። ሊቀመንበሩ ማንም ሳይጠይቃቸው የራሳቸውን ተራ ለቀቁላቸው፤ ቃለ ጉባኤውም እንደዚያው ተጻፈ። እኔ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሚኒባስ ተገኘልኝ፤ ሲስተር ዕቅዱን ለጋሹ ዘንድ ሰኞ እንደምትልክ ነግራኝ ተሳፈርኩ።