ተሿሚውን «የመርሳት በሽተኛ» አትበሉት

እኛ ሰፈር ቃል ገብቶ የጠፋ ተሿሚ ሁሉ «የመርሳት በሽታ ያዘው» ይባላል። በቅርቡ የቀበሌ ስብሰባ ላይ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ጉዳይ ሲነሳ አንድ አባት ይህንኑ አሉና አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። መሳቅ አልቻልኩም።

ማንነትን የሚያስረሳ ሕመም በእርግጥ አለ። ዲሶሲየቲቭ ፊዩግ ይባላል፤ ብዙ አይገጥምም። ሰውየው ስሙን፣ ቤቱን፣ ያሳለፈውን ሕይወት ይረሳና ድንገት ካገሩ ይጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ከባድ ጭንቀት ወይም መከራ አለ። መነገድና ከሰው ጋር መጫወት ግን አይጠፋበትም። ላየው ጤነኛ ይመስላል።

በጣም የታወቀው ታማሚ አንሴል ቦርን የሚባል አሜሪካዊ ሰባኪ ነው። በ1887 እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ ላይ ከባንክ 551 ዶላር አውጥቶ ካገሩ ከሮድ አይላንድ ጠፋ። ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ ኖሪስታውን ከተማ፣ «ብራውን እባላለሁ» ብሎ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ከረሜላ፣ ፍራፍሬና የጽሕፈት መሣሪያ ይሸጥ ነበር። ማርች 14 ጠዋት ቦርን ሆኖ ደንግጦ ነቃ። የት እንዳለ አያውቅም፤ ሱቅ መክፈቱንም አያውቅም። በ1890 ዊልያም ጄምስ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በሂፕኖሲስ፣ ማለትም ሰውን እንቅልፍ መሰል ሁኔታ ውስጥ በሚከት ዘዴ፣ ሲመረምረው የብራውን ማንነት ተመልሶ መጣ። የቦርንን ሚስት ሲያሳዩት «ይህችን ሴት አይቻት አላውቅም» አለ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ሴትዮዋን ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው ከተሿሚው ጋር ማመሳሰል ግፍ ነው። ተሿሚው ቃል ሲገባ ቃለ ጉባኤ ተይዟል። እሱ ቢዛወር እንኳ መዝገቡ ቢሮው ውስጥ አለ። አዲሱ ኃላፊ «ያኔ እኔ አልነበርኩም» የሚለው መዝገቡን ግለጥ የሚለው ሰው ስለሌለ ነው። በሽተኛ ካልነው ደግሞ ማን ይጠይቀዋል? ስብሰባ ሲጀመር ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበብልን እንበል። መብታችን ነው።

ታማሚው ግን የሚነበብለት መዝገብ የለውም። መናኸሪያ ከአውቶቡስ ወርዶ ስሙ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው መታወቂያ ነው። ከሌለው ሰካራም ወይም ሌባ ይባላል። ቤተሰብ ካገኘው ጠበል ይወስደዋል። ጠበሉ መልካም ነው፤ ሕክምናውም አብሮ ይሂድ። የቀበሌ ኃላፊዎቻችንን የምለምነው ይህን ነው፦ እንዲህ ያለ ሰው ስታገኙ አታባርሩት። ሐኪም ቤት አድርሱት፤ ከፖሊስ ጋር ተደዋውላችሁም ቤተሰቡን አፈላልጉለት።