ዳማ እና የላቬንደሩ ጠርሙስ

ዛሬ ቢሾፍቱ አጎቴ ጋ ነበርኩ። የጋሪ ፈረሱን ዳማን ጠፍሩ ደረቱ ላይ ፍቆ አቁስሎታል፤ ዝንቡ መቆሚያ አሳጥቶታል። እኔ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ከርሜ፣ ግማሽ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ነው የሄድኩት። ቦርሳዬ ውስጥ የላቬንደር ዘይት አለ፤ ሽታው ያረጋጋል ከሚባል አበባ የሚወጣ።

ቁስሉ ላይ ላንጠባጥብ ስል ጋሼ እጄን ያዘኝ። «ቆይ እስቲ፣ ሐኪሟን እንጠይቅ።» ደወልን።

«እንዳታደርገው!» አለች። ያልተበረዘ ዘይት ጤነኛ ቆዳ እንኳ ያስቆጣል፤ ቁስል ላይማ አይታሰብም። እንዳይልሰውም ተጠንቀቁ፣ ፈረስ ያልተስማማውን ቢውጥ ማስመለስ አይችልም። ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ እጠቡት፣ ጠፍሩን በጨርቅ ጠቅልሉት፣ እስኪድን ጋሪ አይጎትት። ማሽተቱ ግን ግድ የለም፣ ከፈለገ።

«ከፈለገ» ያለችው ገረመኝ። አንድ ጠብታ ጨርቅ ላይ አድርጌ ራቅ አድርጌ ያዝኩለት። ዳማ አንገቱን አሰገገ፣ አሸተተ፣ ከዚያ የላይኛውን ከንፈሩን ሽቅብ ገልብጦ ጥርሱን አሳየን። «ሳቀብህ!» አለ ጋሼ። ሳቅ አይደለም ለካ። ሽታውን ከላንቃው በላይ ወዳለው የማሽተቻ አካል የሚያደርሰው እንደዚያ ነው።

ከዚያ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ዝም አለ። ያረጋጋው ላቬንደሩ ይሁን ከጋሪው መፈታቱ፣ እኔ በበኩሌ የምፈርደው ለመፈታቱ ነው። የተከፋው ጋሼ ብቻ ነው፤ የስንት ቀን ገቢ ቀረበት።