የሎርዱ እጆች

«ይሄ ሎርድ አይደለም» አሉኝ አባባ። «እጁን እየው።»

ሌሊት ነው። ሰሜን እንግሊዝ፣ ዊጋን አካባቢ ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሌሊት ተረኛ ነኝ። አባባ የምላቸው ሰው እዚያ ከሚኖሩት አንዱ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። ጡረታ የወጡ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ናቸው። እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ሻይ አፍልቼላቸው አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ። ያን ሌሊት ታብሌቴ ላይ የድሮ ሬስሊንግ ከፍቼ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የነበረ፣ ደብሊውሲደብሊው የሚባለው የአሜሪካ ሬስሊንግ ድርጅት ግጥሚያ። ወደ ሪንግ የሚገባው ሰው ሎርድ ስቲቨን ሪጋል ይባላል። ካባ ደርቧል። አገጩን ቀና አድርጎ አሜሪካዊውን ተመልካች ቁልቁል ያያል። ሕዝቡ ይጮህበታል።

ልጅ ሆኜ በካሴት ሳየው የእውነት ሎርድ ይመስለኝ ነበር። ቤተ መንግሥት የሚኖር፣ በሥራ እጁን አቆሽሾ የማያውቅ ሰው። የእንግሊዝ ሰው ማለት እንደዚያ ነው ብዬ አደግሁ። ከእንግሊዞች ጋር ከመገናኘቴ በፊት በአሜሪካ ሬስሊንግ ነው ያወቅኋቸው።

አባባ ግን ካባውንም ንግግሩንም ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ሪጋል ተጋጣሚውን ከእጅ አንጓው ላይ ያዘ። አልቸኮለም። ክንዱን አዞረና ክብደቱን ቀስ እያለ ጫነበት። ሰውየው በጉልበቱ ተንበረከከ። አባባ ይሄን ጊዜ ከትራሳቸው ቀና አሉ። «ይሄ የኛ ሰፈር እጅ ነው። ክንድህን አምጣ።»

ሰጠኋቸው። ማታ ማታ ማንኪያ ሲይዙ የሚንቀጠቀጠው እጃቸው አንጓዬ ላይ ሲያርፍ ጸጥ አለ። አውራ ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉና ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ዞር አደረጉኝ። ሕመሙ እስከ ትከሻዬ ወጣ። «አባባ በቃ!» አልኩ። ለቀቁኝና ሳቁ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ክንዴን እያሻሸሁ አፌን ከፍቼ አየኋቸው።

ልጅ ሳሉ ዊጋን ውስጥ ወደነበረው የቢሊ ራይሊ ጂም ጥቂት ጊዜ ሄደው ነበር። ዛሬ ዓለም «ስኔክ ፒት» እያለ የሚያውቀው ነው። የእባብ ጉድጓድ እንደማለት። ስሙ ያስፈራል እንጂ ቤቱ ደሳሳ ነበር። እዚያ የሚሠራው ትግል «ካች አዝ ካች ካን» ይባላል፤ ከላንካሸር ማዕድንና ፋብሪካ ሠራተኞች መሃል የወጣ፣ መገጣጠሚያ እየጠመዘዙ እጅ የሚያሰጡበት ትግል ነው። ታዋቂው ታጋይ ካርል ጎች እዚያ ሠልጥኗል። የማንቸስተሩ ቢሊ ሮቢንሰንም እዚያ ሠልጥኖ በ1970ዎቹ አሜሪካ ሄዶ ታግሏል፤ በኋላ ጃፓን ውስጥ አሠልጥኗል።

ሎርድ የተባለው ሰው ትክክለኛ ስሙ ዳረን ማቲውስ ነው። በ1968 ስታፈርድሸር ውስጥ ኮድሶል በምትባል መንደር ተወለደ። ሙያውን የጀመረው ብላክፑል የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ ነው። ከተመልካች መሃል «እኔ እችለዋለሁ» ብሎ የሚወጣውን ሁሉ እየገጠመ ነው እንጀራውን የበላው። ገና ልጅ እግር ነበር። ሰካራምም፣ ጉልበተኛም ይወጣል። ቶሎ ካልቆለፍከው ይጎዳሃል። እንግዲህ አባባ በእጁ ላይ ያዩት ይህንን ነው። አሜሪካ ካባ ደረበችለት፣ እጁን ግን መለወጥ አልቻለችም።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ የማውቃቸውን የሬስሊንግ እንግሊዞች ሁሉ እንደ አዲስ ማየት ጀመርኩ።

የአሜሪካ ሬስሊንግ ሎርድ ይወዳል። ከሪጋል በፊትም ነበር። በ1980ዎቹ ከደብሊውደብሊውኤፍ (የዛሬው ደብሊውደብሊውኢ) የሬስሊንግ ኩባንያ ባለቤት ከቪንስ ማክማሃን ጎን ተቀምጦ ፕሮግራም ያቀርብ የነበረው ሎርድ አልፍሬድ ሄይስ የለንደን ሰው ነው፤ ሎርድነቱ የመድረክ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ሬስሊንግ ሕዝብ የሚጮህበት ሰው ይፈልጋል። በነሱ ቋንቋ «ሂል» ይሉታል። አሜሪካዊ ደግሞ ንጉሥን ታግሎ ነፃ ወጣሁ የሚል ሰው ነው። አንድ ሰው መጥቶ በእንግሊዝ አነጋገር «ዝም በሉ፣ እናንተ ያልሠለጠናችሁ!» ሲለው ምንም ተጨማሪ ታሪክ ሳይነገረው ደሙ ይፈላል። ታሪኩንና አሸናፊውን አስቀድመው ለሚወስኑት ጸሐፊዎች ቀላል ሥራ ነው።

በ1995 ሪጋል «ብሉ ብለድስ» የሚባል ቡድን ነበረው። አንዱ አባል ቦቢ ኢተን ነው። ኢተን የአላባማ ሰው ነው። ሪጋል ሥርዓት ሲያስተምረው የሚያሳዩ አጫጭር ፊልሞች ተሠሩና በመጨረሻ «ኧርል ሮበርት ኢተን» ተብሎ ወጣ። እንግሊዛዊነት እንደ ልብስ የሚለበስ ነገር ሆነ ማለት ነው። በ2006 ደግሞ የሂዩስተኑ ቡከር ቲ ዘውድ ጭኖ «ኪንግ ቡከር» ሲሆን አነጋገሩን ወደ እንግሊዝ ቀየረ። ያኔ ዊልያም ሪጋል ይባል የነበረው የኛ ሎርድ ደግሞ «ሰር ዊልያም» ተብሎ የሱ ባለሟል ሆነ። ይህ ያሳዝነኛል። እውነተኛው እንግሊዛዊ እዚያው ቆሞ፣ የንጉሥ አነጋገር የሚያወራው የቴክሳሱ ሰው ነው። ሪጋል ግን ያንንም ቢሆን በሙሉ ልቡ ነው የሠራው። የተሰጠውን ሥራ ሁሉ አክብሮ የሚሠራ ሰው ነው፤ ለዚህ ነው በጣም የምወደው።

እዚህ አገር ስትኖር ደግሞ የሚገርም ነገር ትማራለህ። እንግሊዝ ውስጥ አነጋገር ማለት አድራሻ ነው። አባባ አንድ ሰው አፉን ሲከፍት የዊጋን ይሁን የቦልተን ይለዩታል። በመሃላቸው ያለው መንገድ እኮ አጭር ነው። እኔ መጀመሪያ እንደመጣሁ የዊጋንን አነጋገር መስማት አቅቶኝ ሁለት ሳምንት ራስ ምታት ይዞኝ ነበር። በካሴት ከሰማሁት እንግሊዝኛ ጋር አይገናኝም። አሜሪካ ይህንን ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቃ «የሀብታም አነጋገር» አለችው። የፕሬስተኑ ልጅ ዌይድ ባሬት እንኳን በ2015 ዘውድ ተጭኖለት «ኪንግ ባሬት» ተብሏል። ፕሬስተን የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። አባባ ሲሰሙት «ይሄ ጎረቤቴ ነው፣ ዘውዱን ከየት አመጣው?» አሉ።

ሎርድ ካልሆንክ ቡልዶግ ትሆናለህ። ሌላው ሳጥን እሱ ነው።

ዴቪ ቦይ ስሚዝና የአጎቱ ልጅ ቶም ቢሊንግተን፣ ማለትም ዳይናማይት ኪድ፣ የጎልቦርን ልጆች ናቸው። ጎልቦርን ከዊጋን አጠገብ ያለች የከሰል ማዕድን ከተማ ነበረች። ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ የሬስሊንግ አዘጋጁ ስቱ ሃርት ቤት ሄደው ታገሉ። ከዚያ ደብሊውደብሊውኤፍ ወሰዳቸውና «ብሪቲሽ ቡልዶግስ» አላቸው። ዩኒየን ጃክ፣ ማለትም የብሪታኒያ ባንዲራ፣ ያለበት ልብስ፣ «ሩል ብሪታኒያ» የሚለው ዜማ፣ ማቲልዳ የምትባል እውነተኛ ቡልዶግ ውሻ። በ1986፣ ሬስልሜኒያ 2 በተባለው የኩባንያው ትልቅ ዝግጅት ላይ የጥንድ ሻምፒዮና ቀበቶውን ወሰዱ። በዚህኛው ሳጥን ሕዝቡ ይወድሃል። ታዛዥ፣ ጠንካራ፣ ብዙ የማያወራ። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ቢሊንግተን ጀርባው ተጎድቶ ኋላ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የኖረው። በ2018 አረፈ። ዴቪ ቦይ በ2002፣ በ39 ዓመቱ ሞተ።

አባባ ስለ ዴቪ ቦይ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ስለዚህ ሰመርስላም የሚባለውን የኩባንያውን ዝግጅት፣ የ1992ቱን፣ አብረን አየነው። ነሐሴ 29፣ ዌምብሌይ ስታዲየም። ኩባንያው 80,355 ሰው ገባ ብሏል። ሌላ ትልቅ የሻምፒዮና ግጥሚያ እያለ የምሽቱ መዝጊያ የተደረገው ዴቪ ቦይ ከስቱ ሃርት ልጅ ከብሬት ሃርት ጋር ነው። ብሬት የሚስቱ ወንድም ነው። ዴቪ ቦይ ሹሩባ ተሠርቶ፣ ቦክሰኛው ሌኖክስ ሉዊስ ባንዲራ ይዞለት ገባ። የሰዉ ጩኸት ከታብሌቷ ትንሽ ድምፅ ማጉያ እንኳን ክፍሉን ሞላው። ድምፁን ቀነስኩ፤ ሌሎቹ ተኝተዋል።

ብሬት ኋላ ላይ እንደተናገረው ዴቪ ቦይ በዚያ ግጥሚያ መሃል ሐሳቡ ጠፍቶበት ነበር፤ ብሬት ነው እየመራ ያወጣው። ይህን ካወቅህ በኋላ ስታየው ልብህ ይሰቀላል። መጨረሻው ላይ ብሬት በላዩ ተገልብጦ ከኋላ ሊጥለው ይሞክራል። ዴቪ ቦይ ቁጭ አለበት፣ እግሮቹን ቆለፈ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ብሬት መጀመሪያ እጁን መጨበጥ እምቢ አለ። ከዚያ ተመለሰና አቀፈው። ዳያናም መጣች፤ ወንድሟና ባሏ መሃል ቆመች። አባባ ዓይናቸውን ጠረጉ። «የጎልቦርን ልጅ» አሉ። አሜሪካ ለውሻና ለባንዲራ ብላ ያዘጋጀችው ባሕርይ ነበር፤ ያን ምሽት ግን ባለቤቶቹ መጥተው ወሰዱት።

ባንዲራው ግን ሁሌ እንዲህ አይደለም። በ1997 ያው ዴቪ ቦይ፣ ያው ዩኒየን ጃክ፣ ከሃርት ቤተሰብ ጋር አሜሪካን የሚሳደብ ቡድን ውስጥ ገባ። አሜሪካ ውስጥ ጮሁበት። እዚህ ሲመጣ አጨበጨቡለት። በዚያው ዓመት በርሊን ላይ የመጀመሪያው የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል። ባንዲራውን የያዘው እጅ አልተለወጠም፤ የሚያየው ሰው ነው የተለወጠው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ስለ እንግሊዞች ነው። አማርኛ ላይ እኛም ሁሉንም «እንግሊዝ» እያልን እንጠራለን። አንድ ጊዜ አንዲትን የስኮትላንድ ነርስ «እናንተ እንግሊዞች» ብያት ቀና ብላ አየችኝና በትዕግሥት አስረዳችኝ። ከዚያ ወዲህ ተሳስቼ አላውቅም። የአሜሪካ ሬስሊንግ ግን እዚህም ላይ ብዙ ተሳስቷል። በኪልትና በባግፓይፕ፣ ማለትም በስኮትላንድ ወንዶች ጉርድ ቀሚስና በከረጢት ዋሽንታቸው፣ የታወቀው ሮዲ ፓይፐር «የግላስጎው ሰው» እየተባለ ነበር የሚተዋወቀው። የተወለደው ካናዳ፣ ሳስካቱን ነው። በተቃራኒው ደግሞ ጃያንት ሄይስታክስ አለ። ሳልፈርድ ያደገ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በአይቲቪ ቴሌቪዥን ቢግ ዳዲ ከሚባለው ታጋይ ጋር ሲገጥም አገር ያየው ሰው ነው። በ1996 ደብሊውሲደብሊው ወሰደውና «ሎክ ኔስ» ብሎ የስኮትላንድ ሐይቅ ጭራቅ አደረገው። አባባ ይህንን አያውቁም ነበር። ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ለዚህ ነው ድሩ ማኪንታየርን የማከብረው። የስኮትላንዷ የኤይር ከተማ ልጅ ነው። ሚያዝያ 2020፣ ሬስልሜኒያ 36 ላይ ብሮክ ሌስነርን አሸንፎ የመጀመሪያው ብሪታኒያ ተወላጅ የደብሊውደብሊውኢ ሻምፒዮን ሆነ። ኮቪድ ስለነበር ተመልካች የለም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቀበቶውን አቅፎ እጁን ወደ ካሜራው ዘረጋ። ከነአነጋገሩ። ኋላ ላይ ኪልትም አደረገ። ኪልቱ የተለመደ ነገር ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ግን የራሱ ነው።

በመጨረሻ ፒት ደን የሚባለውን ታጋይ አሳየኋቸው። የበርሚንግሃም ልጅ ነው። መጀመሪያ የከፈትኩት የ2022ቱን ነው። ያኔ ስሙን «ቡች» ብለውት፣ የድሮ የእንግሊዝ ሰፈር ጉልበተኛ አስመስለው ጠፍጣፋ ኮፍያ አድርገውለት ነበር። አባባ ትንሽ አዩና ፊታቸውን አዞሩ። «ኮፍያ የሌለበትን የለህም?»

አለኝ። 2017፣ ብላክፑል፣ ኤምፕረስ ቦልሩም። ሪጋል ያን ውድድር ከሚመሩት አንዱ ነበር፤ በሱፍ ልብስ፣ ሎርድ ሳይባል። ደን ተጋጣሚውን ይዞ ጣቶቹን አንድ በአንድ ለየና ወደ ኋላ አጠፋቸው። አባባ ሻይውን አስቀመጡ። የራሳቸውን ትንሿን ጣት ይዘው ቀስ አድርገው ወደ ኋላ ሞከሯት።

«መልሰው» አሉኝ።

መለስኩት።