ሲቀዘቅዝ የሚደበቅ የፍሬን ብልሽት

በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ወደምሠራበት ጋራዥ አንድ የአገራችን ልጅ በ1992 የተሠራች ማዝዳ ሚያታ ገዝቶ መጣ፤ አማተር አሽከርካሪዎች በሚወዳደሩበት ሜዳ ሊነዳት ስለፈለገ እንድናዘጋጅለት ነበር የመጣው። ሚያታ ለዚህ ተግባር በአሜሪካ በብዛት ከሚመረጡት መኪኖች አንዷ ናት፤ ክብደቷ ወደ 1000 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፣ መለዋወጫዋም እንደ ልብ ይገኛል። ልጁ ይዞት የመጣው ግን አዲስ የጭስ ማውጫና የአየር ማጣሪያ ነበር። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የጋራዡ ባለቤት «ልጄ፣ መሮጧን ከማየታችን በፊት መቆሟን እንይ» ቢሉትም፣ ሌላ ቦታ አዲስ የፍሬን ሸራ እንዳስገባ ነግሯቸው፣ የተመዘገበበት ቀን ስለደረሰ ሳናያት ይዟት ሄደ።

ሲመለስ ድንጋጤው ገና አልለቀቀውም ነበር። በዌስት ቨርጂኒያ በሚገኘው የሰሚት ፖይንት ሜዳ፣ ረጅሙን ቀጥታ መንገድ ጨርሶ ወደ መጀመሪያው ኩርባ ሲቃረብ ፍሬን ቢረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። ደጋግሞ እየረገጠና ማርሽ እየቀነሰ ፍጥነቱን ቢያበርድም፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ ሣሩ ላይ ነው የቆመው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሱም መኪናዋም አልተጎዱም።

ግራ ያጋባን ነገር መኪናዋ እኛ ዘንድ ስትደርስ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መገኘቱ ነው። የሚያፈስ ቱቦ አልነበረም፤ የፍሬን ዘይቱም አልጎደለም። አንድ ባልደረባዬ የዋናው ፍሬን ፖምፓ ጎሚኒ በውስጥ እያሳለፈ ይሆናል ብሎ ፖምፓው እንዲቀየር ሐሳብ አቀረበ፤ ልጁም ለመክፈል ፈቃደኛ ነበር። ጋሼ ግን አንድም ዕቃ ሳይታዘዝ አራቱም ጎማዎች እንዲወልቁ አደረጉ። የፊት ሸራዎቹ ገጽ ተቃጥሎ እንደ መስታወት ያብረቀርቅ ነበር፤ ሸራዎቹን ከጎማው ጋር በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ በሚጫነው ካሊፐር ውስጥ፣ በፒስተኑ ዙሪያ ያለውን የአቧራ መከላከያ ጎሚኒ በጣቴ ስነካው ተፈረካከሰ። ከኋላ በኩል የአንደኛው ካሊፐር ማንሸራተቻ ፒን ዝጎ ተጣብቋል፤ ያ ጎማ ድርሻውን ስላልሠራ ሸክሙ በሌሎቹ ላይ በርትቷል። ዘይቱም ጠቁሮ ነበር፤ በውስጡ ያለውን የውሃ መጠን በሚለካው መሣሪያ ሲፈተሽ ከ3 በመቶ በላይ አሳየ።

የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ደረጃው ያዛል፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ከገባበት ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ሲጫኑት ስለሚታመቅ፣ የእግር ግፊት ሸራውን ዲስኩ ላይ ከማጣበቅ ይልቅ እንፋሎቱን በማመቅ ያልቃል። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ስለሚሆን ፔዳሉ ምንም እንዳልሆነ ጠንክሮ ይገኛል። በከተማ መንገድ እንዲህ ያለ ዘይት ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ ከ160 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማብረድ ግን ከ80 ተነስቶ ጨርሶ ከመቆም ሦስት እጥፍ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ይህ በየዙሩ ይደጋገማል። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ፖምፓውን ብቻ ቀይረን አየሩን ብናስወጣ ኖሮ የተወሰነ አዲስ ዘይት ስለሚገባ ችግሩ የተፈታ ይመስለን ነበር፤ የተቃጠለው ጎሚኒና የዛገው ፒን ግን እዚያው ቀርተው ልጁን እንደገና ወደዚያ ኩርባ እንልከው ነበር።

ካሊፐሮቹን ፈትተን ጎሚኒዎቻቸውን ሁሉ ቀየርን፤ ፒኑን አጽድተን ሙቀት የሚችል ቅባት ቀባነው፤ ከመኪናዋ ጋር ያረጁትን የፍሬን ዘይት ቱቦዎች በአዲስ ተካን። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስወጥተን የመፍያ ነጥቡ ከ300 ዲግሪ በላይ የሆነ የውድድር ዘይት ሞላን፤ ለሜዳ የተሠራ ሸራም ገባ። የሞተሩ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ስላልነበረ እሱንም ቀየርነው። ጣሪያዋ ተከፋች በመሆኑ፣ ብትገለበጥ ጭንቅላቱን የሚጠብቅለት የብረት ቅስት ከመቀመጫው ኋላ አሠርን። ልጁም ከዙር ሲወጣ ወዲያው እንዳያቆማት፣ ፍሬን ሳያበዛ አንድ ዙር ነድቶ እንዲያበርዳት፣ ካቆማትም በኋላ የጋለውን ዲስክ በእጅ ፍሬን እንዳይዘው ጋሼ አጥብቀው ነገሩት።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ለሜዳ በሚዘጋጅ በማንኛውም መኪና ላይ የፍሬን ዘይቱ ሳይለካና ካሊፐሮቹ ሳይፈተሹ የሞተር ጉልበት የሚጨምር ዕቃ እንዳይገጠም ከልክለዋል። የልጁን የጭስ ማውጫ የገጠምንለት ሜዳ ላይ በሰላም ውሎ ከተመለሰ በኋላ ነው።