«ቀይ ሹራብ የለበስሽው፣ አንቺ!»

ቅዳሜ ጠዋት ወጣቶችን የመጀመሪያ እርዳታ አሰለጥናለሁ። በበጎ ፈቃድ ነው። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። የልብ ምት ስለማስቀጠል ሊማሩ ይመጣሉ፤ እኔ ግን በጣም የምጓጓው አብሮ ለሚመጣው ሌላ ነገር ነው።

አንዲት ልጅ ነበረች። በክፍሏ ጎበዝ ከሚባሉት ናት። የቃል ጥያቄውን አንድም አልሳተችም። ደረት መሃል ላይ መጫን፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ ከ30 ግፊት በኋላ 2 ትንፋሽ። ከዚያ የማሰልጠኛውን አሻንጉሊት መሬት ላይ አጋደምንና «በይ፣ ይህ ሰው ፊትሽ ወደቀ» አልኳት። ተንበረከከች። ትከሻውን መታ መታ አደረገች። ከዚያ ዝም። ቆይታ፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «አንድ ሰው ይደውል» አለች። ዙሪያዋን የቆሙት ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። የደወለ የለም።

ይህ የክፋት ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ሙከራ፣ ተሳታፊዎች በድምፅ ማስተላለፊያ አንድ ሰው በድንገት ሲታመም ይሰማሉ። የሚሰሙት እነሱ ብቻ እንደሆኑ ካመኑት ውስጥ 85 በመቶዎቹ ሕመሙ ሳያበቃ ሄደው ተናገሩ። ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብለው ካሰቡት ግን 31 በመቶዎቹ ብቻ። ሰው ሲበዛ ሁሉም «ሌላው ያደርገዋል» ይላል።

ስለዚህ አንድ ሰው መርጠሽ በጣትሽ አመልክቺ እንላቸዋለን። «አንቺ፣ ቀይ ሹራብ የለበስሽው፣ አምቡላንስ ጥሪ። ደውለሽ ስትጨርሺ መጥተሽ ንገሪኝ!» በቃ፣ ይኸው ነው። ግን እጇን አውጥታ እስኪፈቀድላት መጠበቅ ለለመደች ልጅ ይህ ትልቅ ዳገት ነው። ለማታውቀው ሰው፣ ጮክ ብላ፣ ሳታፍር ትእዛዝ መስጠት አለባት። በቃል ሸምድዶ የሚወጣ ነገር አይደለም። ደጋግማ ሞከረች። ድምጿ ቀስ በቀስ ከፍ አለ።

ከዚያ ደግሞ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ክፍል አለ። ደረት መጫን ያደክማል። ሁለት ደቂቃ ያህል ሲሆን ክንድ ይዝላል፣ ግፊቱ ይሳሳል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ካለ መቀያየር ግድ ነው። ልጆቹ ግን አይለቁም! ፊታቸው በላብ ተጠምቆ፣ ግፊቱ ሁለት ሳንቲሜትር እንኳ ሳይሞላ፣ «እችላለሁ፣ ተዉኝ» ይላሉ። ጎበዞቹ ላይ ይብሳል። አልፈርድባቸውም። ለዓመታት የተመሰገኑት ብቻቸውን ሠርተው ብቻቸውን በመጨረሳቸው ነው። ፈተና ላይ ጎረቤትን መጠየቅ ኩረጃ ነው። እዚህ ግን «ደከመኝ፣ ተኪኝ» ማለት ትክክለኛው መልስ ነው። ያንን በጊዜው ያላለ ሰው የተኛውን ሰው ይጎዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ የሕይወት ክህሎት ብሎ የዘረዘራቸው አሥር ናቸው። ውሳኔ መስጠት፣ በደንብ መግባባት፣ ጭንቀትን መቋቋም፣ የሌላውን ስሜት መረዳት ከውስጡ አሉበት። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስረዳት ይቻላል፤ ትምህርት ቤቶችም ይሞክራሉ። ትምህርት ቤትን አልነቅፍም፤ ያቺ ልጅ መመሪያውን ያነበበችው እዚያ በተማረችው ንባብ ነው። ግን ጭንቀትን መቋቋም የሚለመደው እየተጨነቁ ነው። አጠገብ የሚያውቅ ሰው ቆሞ፣ ስህተቱ ወዲያው እየታየ፣ ማንም ውጤት ሳይሰጥ።

እ.ኤ.አ. በ1907 ስካውት የተባለው የወጣቶች ንቅናቄ መሥራች ቤደን ፓወል በእንግሊዝ፣ በብራውንሲ ደሴት የሙከራ የስካውት ካምፑን ሲያካሂድ ልጆቹን በአራት ቡድን ከፍሎ፣ የእያንዳንዱን ቡድን መሪ ከልጆቹ መካከል ነበር ያደረገው። እኛም ይህን እንሞክራለን። ትንሽ የቆዩት አዲሶቹን ያስተምራሉ። ያቺ ልጅ አሁን የራሷ ቡድን አላት። አንድ ዓይን አፋር ልጅ ሲገጥማት አትቆጣውም፤ አጠገቡ ተንበርክካ «ጮክ በል፣ እኔ አለሁ» ትለዋለች። እንዲህ በይ ብዬ ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም።

ወላጆች «ልጄን የት ላስመዝግብ?» እያሉ ይጠይቁኛል። የመጀመሪያ እርዳታ ይሁን፣ አናጺነት፣ ቲያትር ወይም ብስክሌት ጥገና፣ ለእኔ ያን ያህል ለውጥ የለውም። ግማሽ ቀን ስላይድ አሳይቶ ሰርተፊኬት የሚያድል ስልጠና ሞልቷል፤ እሱን አልመክርም። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ቀን ሄዳችሁ እዩ። ልጄ በእጁ ምን ይሠራል? ሲሳሳት ማን ነው አጠገቡ ያለው? ከሱ እርዳታ የሚጠብቅ ሌላ ልጅስ አለ? ብላችሁ ጠይቁ። ልጆቹ ሰዓቱን ሙሉ ተቀምጠው ካገኛችኋቸው ሌላ ቦታ ፈልጉ።