ጤና ጣቢያ ላይ የወጣቶች የአእምሮ ጤና አገልግሎት የምትከፍቱ፣ የመድኃኒት መጠየቂያውን ቀድማችሁ እዩት

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ይህን አገልግሎት ካስጀመሩት አንዱ ነኝ። ስለ ሥልጠናውና ስለ መዝገቡ የሚነግራችሁ አታጡም። ስለ መድኃኒቱ ግን ማንም ቀድሞ አላስጠነቀቀንም፤ ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ቀላሉን ላሳጥረው። ነርሶችና ጤና መኮንኖች በዓለም ጤና ድርጅት የኤምኤችጋፕ መመሪያ (የአእምሮ ሐኪም ያልሆነ ባለሙያ የአእምሮ ሕመምን እንዲያክም የተዘጋጀ ነው) ይሠለጥናሉ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው እትም ስለ ልጆችና ወጣቶች ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ለልየታ ፒኤችኪው 9 የሚባለው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ የድብርት መጠይቅ ይበቃል። ከጠቅላላው 27 ነጥብ ውስጥ 10ና ከዚያ በላይ ያመጣ በደንብ ይታያል። ራስን ስለመጉዳት በሚጠይቀው ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ከዜሮ ሌላ መልስ የሰጠ ግን ድምሩ ስንትም ይሁን በዚያው ቀን ከባለሙያ ጋር ለብቻው ሳይነጋገር ወደ ቤት አይሄድም። ክፍሉን በተመለከተ፣ «የአእምሮ ጤና» የሚል ታፔላ ስቀሉ ይሏችኋል። አትስቀሉ። የክፍል ቁጥር ይበቃል፤ ሰፈርተኛው በሚተዋወቅበት ቦታ በዚያ በር የገባች ልጅ ወሬዋ ቀድሟት ቤት ይደርሳል።

አሁን ወደ ጣጣው። ጤና ጣቢያ በየሁለት ወሩ የመድኃኒት ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ሞልቶ ለመንግሥት መድኃኒት አቅራቢው ይልካል። ስሌቱ ያለፉት ሁለት ወራት ፍጆታ በሁለት ተባዝቶ እጅ ላይ ያለው ሲቀነስለት ነው። ለአሞክሳሲሊን ደህና ይሠራል። አዲስ አገልግሎት ግን ያለፈ ፍጆታ የለውም፤ ዜሮ በሁለት ቢባዛም ዜሮ ነው። አንዱ ኃላፊ «ፍጆታ ሳታሳዩ አንልክም» ይላል፣ ሌላው «መድኃኒት ሳትይዙ ለምን ከፈታችሁ?» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱ የሚቀመጡት እዚያው አንድ ኮሪደር ላይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ በፍጆታ ሳይሆን በታካሚ ቁጥር አስሉና በደብዳቤ አያይዙት። 30 ታካሚ በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊግራም ፍሉኦክሰቲን (የድብርት መድኃኒት) ከወሰደ ለ60 ቀን 1800 እንክብል ነው፤ ጤና ጣቢያ ቢበዛ የሚይዘው የአራት ወር ክምችት ደግሞ 3600 ይሆናል። ደብዳቤው ላይ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ፊርማና ማኅተም፣ የሠለጠኑት ባለሙያዎች ስምም ይኑርበት። ያለዚያ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ይከርማል።

ሁለተኛው ወጥመድ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ቅጹ በትክክል የተሞላ ይመስላል። መድኃኒቱ ከ60 ቀን ውስጥ ለ20 ቀን ብቻ ከነበረ ፍጆታችሁ 600 ተብሎ ይመዘገባል። በቅጹ ስሌት የሚላክላችሁ 1200 ነው፤ ለ40 ቀን ብቻ የሚበቃ፣ ማለትም ከሚቀጥለው ዙር በፊት የሚያልቅ። የፋርማሲ ባለሙያው ፍጆታውን መድኃኒቱ በነበረባቸው ቀናት አካፍሎ በ60 ያባዛው፦ 600 ሲካፈል ለ20፣ ሲባዛ በ60፣ 1800። ይህን ለማድረግ ቢን ካርዱ (የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት የስቶር ካርድ) ላይ ያለቀበትና የገባበት ቀን መጻፍ አለበት። ብዙ ስቶር ውስጥ አይጻፍም።

«ፍሉኦክሰቲን የለም፣ አሚትሪፕቲሊን ውሰዱ፤ ያው የድብርት መድኃኒት ነው» የሚል መልስ ቢመጣ አትቀበሉ። ያው አይደለም። መመሪያው አሚትሪፕቲሊንንና መሰሎቹን ለልጆችና ለወጣቶች ድብርት አይፈቅድም፤ ከልክ በላይ ከተወሰደም ልብን ይጎዳል፣ እኛ የምናክመው ደግሞ ራሱን ሊጎዳ የሚችለውን ልጅ ነው። ፍሉኦክሰቲንም ቢሆን ከ12 ዓመት በታች አይሰጥም፤ ከዚያ በላይም ምክክሩ ካልበቃ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት በየሳምንቱ እያዩ። «የለም» ካሉ የለም የሚል ደብዳቤ ጠይቁ። ያ ወረቀት ሲኖር ነው ጤና ጣቢያው በውስጥ ገቢው ከግል አከፋፋይ መግዛት የሚችለው። በቃል የተነገረ «የለም» ለኦዲተር አይቀርብም። በተለይ ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል ለሚወስዱ ልጆች ይህን አታዘግዩ፤ ድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ያመጣል።

ቤተሰብን በተመለከተ ወጣቱን መጀመሪያ ለብቻው፣ ከዚያ ከቤተሰቡ ጋር አነጋግሩ። የሚያሰጋ ታካሚ ከሆነ የሳምንት ብቻ መድኃኒት ስጡ፣ እሱንም ለእናት ወይም ለታላቅ እህት። የተባይ መድኃኒት ቤት ውስጥ እንዳለ ጠይቁ፤ በሐይቁ ዳር የሚያርስ ቤት አይጠፋውም። ካለ ይቆለፍበት ወይም ከቤት ይውጣ።

ፀበሉን አትከልክሉ። የሚያስፈልገው የነፍስ አባታቸው «መድኃኒቱንም ውሰድ» የምትል አንዲት ቃል ናት፤ እሷን ከእኛ አፍ አይቀበሉም። ፍሉኦክሰቲን በባዶ ሆድም ከምግብ ጋርም ስለሚወሰድ የሚጾም ልጅ ጾሙ ሲፈታ ይዋጠው።

ከዘጌና ከደሴቶቹ የሚመጡ የቆሎ ተማሪዎች ጉዳይ ግን መመሪያ ላይ የለም። ወላጅ ሩቅ ነው፣ ልጁ ብቻውን ነው። አስቀድማችሁ ከየኔታ ጋር ተነጋገሩ፤ የልጁን ምስጢር ሳይሆን እንክብሉን ማን እንደሚይዝና ልጁ መተኛት ካቃተው ወይም ከጓደኞቹ ከራቀ ለማን እንደሚደወል። ቀጠሮውንም ጀልባው በሚመላለስበት ሰዓት ያዙለት፤ ከሰዓት በኋላ የተቀጠረ ልጅ መመለሻ ያጣል፣ በሚቀጥለው አይመጣም።