ያልተዘጋው ዲስክ

ዛሬ ጠዋት የአያቴ እህት የሆነችው አክስቴ ከአጋሮ ደወለችልኝ። «የኔ ልጅ፣ የላክሽልኝ ሲዲ እኮ ባዶ ነው። ዴኩ ትንሽ ያዞረውና ‹ኖ ዲስክ› ይላል» አለችኝ። ክው አልኩ። ባዶ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዓርብ ማታ ከእማዬ ጋር ቁጭ ብለን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተነዋል። አያቴ ስትመርቅ እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር።

በቪዲዮ ካሴት የተቀረጸ የታላቅ እህቴ ሰርግ ነው፤ 1991 ዓ.ም.። የአያቴ ድምፅ ያለን እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው። ካሴቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ስንት ክረምት አሳለፈ! የጅማን ክረምት የኖረበት ያውቀዋል፤ ጫማ እንኳ ይሻግታል። ባለፈው ወር አውጥቼ በትንሿ መስኮቱ ወደ ብርሃን ሳየው፣ በጥቁሩ ጥቅል ጠርዝ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ተጋግሯል። እንደዚያው ዴክ ውስጥ ቢገባ ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ ‹ሄድ› የሚባለውን፣ ያቆሽሸዋል፤ ክሩም ሊበጠስ ይችላል። መርካቶ አካባቢ ያለ ቴሌቪዥን ጠጋኝ አምስቱን ብሎን ፈታና ክሩን በእጁ እያዞረ በስስ ጨርቅ ጠረገው። ከሰዓቱ ሙሉ እሱ ላይ ዋለ። እጁ ይባረክ።

ከዚያ ካሴቱን ወደ ዲስክ የሚገለብጥ መቅጃ ፍለጋ ወጣሁ። ያገለገሉ ሁለት አገኘሁ። አንዱ 160 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው፤ ብዙ ሰዓት ይቀዳል፣ የማይፈለገውን ቆርጦ ለማውጣትም ይመቻል። ሌላው ሃርድ ዲስክ የለውም፤ የካሴት ማጫወቻና የዲቪዲ መቅጃ ግን በአንድ ሳጥን ይዟል። ልቤ ወደ መጀመሪያው ሄዶ ነበር። የኔ ጉዳይ ግን ካሴቱ ነው፤ ሁለተኛውን ገዛሁ። ከቴሌቪዥን መቅዳት ስፈልግም አይቸግረኝም። እኛ ቤት ሁሉም ነገር በዲሽ ስለሆነ ከሪሲቨሩ በሦስቱ ገመድ አገናኘዋለሁ፤ ቢጫው ለምስል፣ ቀዩና ነጩ ለድምፅ። ሰዓት ሞልቼ ስወጣ ግን ሪሲቨሩን በምፈልገው ቻናል ላይ ክፍት መተው አለብኝ። አለበለዚያ የሚቀዳው ጥቁር ነው።

የዞረብኝ ዲስኩ ላይ ነው። ሱቅ ገብቼ «ባዶ ዲቪዲ» ስለው ልጁ «ማይነስ ነው ፕላስ?» አለኝ። ሁለቱንም እጄ ላይ አገላብጬ አየሁ። መልካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም 4.7 ጊጋባይት ይይዛሉ። ነገሩ የኩባንያዎች ፉክክር ነው። ማይነስ አርን (DVD-R ተብሎ የሚጻፈውን) እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ፓዮኒር ነው፤ ፕላሱን እነ ፊሊፕስና ሶኒ በኋላ አመጡት። አርደብልዩ የሚል ከተጨመረበት ደግሞ እያጠፉ ወደ 1000 ጊዜ ያህል መቅዳት ይቻላል። ራም የሚባልም አለ፤ እሱ ከዚያም በላይ ይቻለዋል፣ ግን አብዛኛው የቤት ማጫወቻ አያነበውም። እኔ ያሰብኩት የአክስቴን አሮጌ ዴክ ነበር። የቆዩ ማጫወቻዎች ማይነስ አርን ይበልጥ ስለሚቀበሉ እሱን ያዝኩ።

ካሴቱ ሦስት ሰዓት ነው። መቅጃው በጥሩ ጥራት አንድ ዲስክ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀዳል። አራት ሰዓት እንዲይዝ ማድረግም ይቻላል፤ ሞከርኩት። ጭፈራው ላይ ምስሉ ካሬ ካሬ እየሆነ ተበታተነ። ለአንድ ዲስክ ዋጋ ብዬ የእህቴን ሰርግ አላበላሽም። ለሁለት ከፈልኩትና ምርቃቱ ያለበትን የመጀመሪያውን ቅዳሜ በሚኒባስ ሹፌር ላክሁላት።

ታዲያ ምን ጎደለ? ጠጋኙ ጋ ደወልኩ። «ፋይናላይዝ አድርገሽዋል?» አለኝ፤ ዲስኩን ዘግተሽዋል ወይ ማለቱ ነው። አላደረግኩም። መቅጃው ዲስኩን ክፍት አድርጎ ነው የሚያቆየው፤ ቦታ ካለው ሌላ ልጨምርበት እችላለሁ ብሎ። የራሱን ቅጂ ራሱ ያነባል። ለሌላ ማጫወቻ የሚሆነው የዲስኩ ማውጫ የሚጻፈው ግን ሲዘጋ ነው። ማይነስ አር አንዴ ከተዘጋ በኋላ ምንም አይጨመርበትም። እኛ ቤት አምሮ ስለታየኝ በቃ አልቋል ብዬ ነበር። ሰማንያ የሞላት ሴት የእህቷን ድምፅ ልትሰማ ሁለት ቀን ሙሉ ዴኩን ስትከፍት ስትዘጋ መቆየቷን ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል።

«ለዚያው ሹፌር ስጪልኝ፣ እትዬ» አልኳት። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዲስኩ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ደረሰ። እማዬ እንጀራ እየጋገረች ነበር። ዲስኩ እየተዘጋ ሳለ መብራት ከሄደ ሊበላሽ እንደሚችል ነገርኳት። ቆጣሪያችን ደግሞ ምጣዱ ሲበዛበት ይወድቃል። አንድ ቃል ሳትናገር ሊጡን ከደነችና ምጣዱን ነቀለችው። በርጩማዋን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ሪሞቱን ተጫንኩ። ሁለታችንም ቁጥሩ ሲጨምር እያየን ነው፤ 40፣ 41፣ 42።